«ጋዝ ሙላልኝ» ጥገና አይደለም

የመኪና ኤሲ ነገር አዲስ አበባ ላይ ብዙም ወሬ አይሆንም። መስኮቱን ዝቅ ካደረጉት የእንጦጦ ነፋስ በነፃ ይገባል። አዳማን አልፈው መተሐራ ሲደርሱ ግን ወሬው ይቀየራል። አዋሽ ሰባት፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሰመራ እያሉ ሲወርዱ ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ተለይቶ የሚመሰገነውም የሚረገመውም ኤሲው ይሆናል። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ መተማና ሁመራ ለሚሠራ ሰውም እንዲሁ ነው። እዚያ ኤሲ የቅንጦት ነገር መሆኑ ያበቃል፤ ሹፌሩ ዓይኑን ገልጦ እንዲነዳ የሚረዳው የሥራ ዕቃ ነው።

ለዚህም ነው ቆላ የሚወርድ ሰው ከጉዞ በፊት ጋራዥ ጎራ ብሎ «ኤሲው ደክሟል፣ ጋዝ ሙላልኝ» የሚለው። መካኒኩም ይሞላል። ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ደንበኛው መዳፉን አየር ማውጫው ላይ ዘርግቶ «ተባረክ» ይላል፣ ከፍሎ ይሄዳል። የዛሬው ክርክሬ ከዚህች አጭር ትዕዛዝ ጋር ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ከሆነ «ጋዝ መሙላት» የሚባል ጥገና የለም። ያለው ወይ በሥርዓቱ ወደ አዲሱ ጋዝ መለወጥ ነው፣ ወይ ኮምፕሬሰሩን ቀስ አድርጎ መግደል ነው።

«ዛሬ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና የት አለ?» የሚል አይጠፋም። መንገድ ወጥቶ መቁጠር ይቻላል። ባለ አራት ማዕዘኑ የድሮ ላንድክሩዘር፣ የሰማንያዎቹ ኮሮላና ሂሉክስ፣ ፔጆ 504፣ የድሮ መርሰዲስ፣ አሁንም ሥራ ላይ ናቸው። ወደፊትም ቶሎ አይጠፉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ወሰነ። የውሳኔው ጥሩና መጥፎ ሌላ ጊዜ ይነሳ። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ በእጃችን ያለውን የነዳጅ መኪና ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ልንይዘው ነው። ልንይዘው ከሆነ ደግሞ አያያዙን ማወቅ አለብን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር።

የድሮዎቹ መኪኖች ኤሲ የተሠራው አር-12 በሚባለው ጋዝ እንዲሠራ ነው። ብዙዎቻችን ፍሪዮን የምንለው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲገኝ ትልቅ ግኝት ነበር፤ አይመርዝም፣ አይቀጣጠልም፣ ብረት አይበላም። እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ይህ ጋዝ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ወጥቶ በፀሐይ ጨረር ሲሰነጠቅ በውስጡ ያለው ክሎሪን የኦዞንን ንጣፍ እንደሚበላ ጻፉ። ብዙ ሰው አላመናቸውም። እ.ኤ.አ. በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ የኦዞን መሳሳቱን ሲያሳዩ ግን ክርክሩ ረገበ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ሁለቱ ኬሚስቶችም በ1995 ከፖል ክሩትዘን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በስምምነቱ መሠረት የበለጸጉት አገሮች አር-12 ማምረት እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ አቆሙ። ኢትዮጵያን ለመሰሉ ታዳጊ አገሮች የተሰጠው ጊዜ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2010 አበቃ። የመኪና ፋብሪካዎቹ ግን ከዚያ ቀድመው፣ ከ1992 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት፣ አዳዲስ መኪኖቻቸውን አር-134ኤ ወደሚባለው ጋዝ አዙረው ነበር። እንግዲህ ዛሬ ለድሮ መኪና አር-12 ይዤልሃለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ከዓመታት በፊት የተረፈ ቅራሪ ነው፣ ወይ በኮንትሮባንድ የገባ ነው፣ አለዚያም ጭራሹን አር-12 አይደለም።

ስለዚህ መለወጥ ግድ ነው። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ብዙ ጋራዥ ውስጥ ልወጣ ማለት የድሮውን ጋዝ በአየር ላይ መልቀቅና አዲሱን በዚያው ቧንቧ መሙላት ነው። ለምን ይሄ እንደማይሠራ አራት ምክንያት ልስጥ።

አንደኛው ዘይቱ ነው። ኮምፕሬሰር ውስጡ የሚንቀሳቀስ ብረት ነው፤ ብረት ያለ ዘይት አይኖርም። ኮምፕሬሰሩ ደግሞ እንደ ሞተር የራሱ የዘይት ፓምፕና ካርተር ኖሮት የሚኮራ አይደለም፤ ዘይቱን ይዞለት የሚዞረው ጋዙ ራሱ ነው። አር-12 ከማዕድን ዘይት ጋር ይዋሃዳል። አር-134ኤ ግን ከዚያ ዘይት ጋር አይዋሃድም። ጋዙ ይዞራል፣ ዘይቱ ኮንደንሰርና ኢቫፖሬተር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ኮምፕሬሰሩ በደረቁ ይሠራል። ቅዝቃዜው ግን አለ! ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ኤሲው ለሳምንታት ምናልባትም ለወራት አሪፍ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ቀን ኮምፕሬሰሩ ይነክሳል። ያን ጊዜ «ዕድሜው ደርሶ ነው» ይባላል። ዕድሜው ግን አልነበረም። አር-134ኤ የሚፈልገው ፓግ የሚባለውን ወይም ኤስተር የተባለውን ሰው ሠራሽ ዘይት ነው። ለልወጣ ብዙ ጊዜ ኤስተር የሚመረጠው ከቀረው የድሮ ዘይት ጋር ብዙም ስለማይጣላ ነው። ፓግ ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት እንደ ጨው ይስባል፤ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጣሳ ውስጥ ያለ ፓግ ለኤሲ ጠላት ነው።

ሁለተኛው ድራየሩ ነው። በተለምዶ ፊልተር የምንላት ያቺ ትንሽ ቆርቆሮ ውስጧ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ አለ። ለአር-12 የተሠራው ፍሬ ለአዲሱ ጋዝና ዘይት አይስማማም። መስመሩ በተከፈተ ቁጥርም እርጥበት ጠጥቶ ይጠግባል። ስለዚህ ልወጣ ያለ አዲስ ድራየር ልወጣ አይደለም። ከጠቅላላ ወጪው ጋር ሲታይ ድራየር ርካሽ ነው፤ ሲቀነስ ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

ሦስተኛው ጎሚኒው ነው። የአር-134ኤ ሞለኪውል ከአር-12 ያንሳል፤ የድሮው ኦሪንግ ያቆመውን አዲሱ ሾልኮ ያልፋል። ለአዲሱ ጋዝ የሚሆኑት ኦሪንጎች ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ናቸው። እርግጥ ቀለም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የተፈታ መገጣጠሚያ ሁሉ በአዲስ ኦሪንግ መመለስ አለበት። የጎማ ቱቦዎቹን በተመለከተ ግን ልጋነን አልፈልግም፤ ለዓመታት ዘይት ጠጥተው የኖሩ ቱቦዎች ካልተሰነጠቁና ካላፈሰሱ ባሉበት ሊቀጥሉ ይችላሉ።

አራተኛው ሙቀቱ ነው፤ ቆላ ለሚወርድ ሰው ዋናው ይሄ ነው። ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ተሸክሞ አውጥቶ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር በኩል ይጥለዋል። ሙቀቱ እዚያ ካልተጣለ ከውስጥ መሰብሰቡም ይቆማል። በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአር-12 ግፊት 12 ባር ገደማ ነው፣ የአር-134ኤ 13 ባር ገደማ። በ60 ዲግሪ አንደኛው 15 ሲሆን ሌላው ወደ 17 ይጠጋል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል ማለት ነው። ለአር-12 የተለካው የድሮ ኮንደንሰር ደጋ ላይ ይበቃል፤ አፋር ላይ ግን ይጨነቃል። መፍትሔው አንዳንዴ ቀላል ነው፦ ኮንደንሰሩን ከጭቃና ከነፍሳት ክምር ማጠብ፣ የራዲያተሩን ማራገቢያ ማስተካከል፣ ካስፈለገ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ማሰር። መኪናው ቋሚ የቆላ ሠራተኛ ከሆነ ግን ኮንደንሰሩን በአዲስ ዓይነት መለወጥ ያዋጣል።

ታዲያ አዲስ አበባ ላይ በጠዋት፣ በ18 ዲግሪ አየር፣ ቆሞ የተሞከረ ኤሲ ስለ ሰመራ ምንም አይናገርም። ቀዘቀዘ ማለት ተሠራ ማለት አይደለም። ደንበኛው አዋሽ ደርሶ ስልክ ሲደውል መካኒኩ «እዚህ እኮ በረዶ ነበር» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

የመጠኑም ነገር አለ። አር-134ኤ ሲሞላ ከድሮው ጋዝ ክብደት ከመቶ 80 እስከ 90 ብቻ ነው። መኪናው 1,000 ግራም አር-12 ይወስድ ከነበረ አዲሱ ከ800 እስከ 900 ግራም ይበቃዋል። የቆዩት ባለሙያዎች ግን በዓይን መሙላት ለምደዋል፤ ድራየሩ ላይ ባለችው መስታወት እያዩ አረፋው እስኪጠፋ ይጨምራሉ። ለአር-12 ደህና ዘዴ ነበር። ለተለወጠ መኪና ግን መስታወቷ ትዋሻለች፤ መጠኑ ሞልቶም ጭጋግ ልታሳይ ትችላለች። አረፋው እስኪጠፋ የሚጨምር ሰው ከልክ በላይ ሞልቶ ግፊቱን ሰማይ ይሰቅለዋል። የሚያስፈልገው ሚዛን ነው። ቡና በኪሎ የሚሸጥበት አገር ጋዝ በግምት የሚሞላበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ደግሞ ለእኛ አገር ቁም ነገር ስለሆነ ጉዳይ ላንሳ። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት መስመሩ ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ተመጦ መውጣት አለበት። በየቪዲዮው የሚታየው ባለሙያ ጌጁ 29 ኢንች ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል። እሱ ያለው ባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት እዚህ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጹም ጥሩ ፓምፕ ቢሆን እንኳ በትክክል ዜሮ የተደረገ ጌጅ አዲስ አበባ ላይ ከ22 ወይም 23 ኢንች አያልፍም። 29 አነበብኩ የሚል ካለ ጌጁ ተበላሽቷል።

ይሄ የመምህራን ጨዋታ እንዳይመስል። ከዚህ ሁለት ጉዳት ይመጣል። አንዳንዱ ባለሙያ 23 ላይ የቆመውን ጌጅ አይቶ «ያፈሳል» ብሎ ደህና መስመር ሲፈታ ይውላል። ሌላው ደግሞ 19 ላይ ሲደርስ «አዲስ አበባ ነው፣ ይበቃል» ብሎ ይዘጋል። 19 ላይ የቀረው ግፊት ግን ውሃን ለማፍላት 50 ዲግሪ ገደማ የሚፈልግ ነው፤ ጥላ ሥር በቆመ መኪና ውስጥ ያለ እርጥበት አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ከአዲሱ ዘይት ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል፣ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይም በረዶ ሠርቶ ይዘጋዋል። ኤሲው ጥቂት ቀዝቅዞ ይቆማል፣ ሲያርፍ መልሶ ይቀዘቅዛል። ባለቤቱም መካኒኩም ግራ ይገባቸዋል። ከዚህ የሚያድነው ከፍታውን ማወቅና ፓምፑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ እርጥበት የጠጣ መስመር ከሆነ ከዚያ በላይ ማስራት ነው። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ የኛው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መጻፍ አለባቸው።

እስካሁን ስለ ገንዘብ ነው ያወራሁት። ስለ ሰው ሕይወትም ማውራት ግድ ነው።

ርካሽ ነው ተብሎ የምግብ ማብሰያ ጋዝ፣ ማለትም ፕሮፔንና ቡቴን፣ መኪና ኤሲ ውስጥ የሚሞላበት አጋጣሚ በብዙ አገር ታይቷል። አዎ፣ ያቀዘቅዛል፤ እንዲያውም ጥሩ ያቀዘቅዛል። ግን ኢቫፖሬተሩ ያለው ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ነው። እዚያ ቢያፈስ መስኮት በተዘጋ መኪና ውስጥ አንድ የሲጋራ መለኮሻ ይበቃል። ሌላው ለቤት ኤሲ የሚሆነውን አር-22 መኪና ውስጥ መሙላት ነው። ግፊቱ በ50 ዲግሪ 19 ባር ይጠጋል፤ የመኪናው ቱቦና ኮምፕሬሰር ለዚያ አልተሠሩም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ማፍሰሱን ለማወቅ ከብየዳ ቤት ኦክስጅን አምጥቶ መስመሩ ውስጥ መንፋት ነው። ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ደረቅ ናይትሮጅን ብቻ ነው። አንድ ሲሊንደር ናይትሮጅን መግዛት ለጋራዥ ወጪ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ የጋራዥ ልጅ ዓይኑን ወይም እጁን ማጣት ግን ከዚያ ይበልጣል።

የሐሰተኛ ጋዝም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በቬትናምና በብራዚል የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሠራተኞች ሞቱ። ሲጣራ አር-134ኤ ተብሎ በተሸጠ ጋዝ ውስጥ ሜቲል ክሎራይድ ተቀላቅሎ ተገኘ። ይህ ነገር ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ውህድ ይፈጥራል። የመኪና ኤሲ ኮምፕሬሰሩም፣ ኮንደንሰሩም፣ ኢቫፖሬተሩም በብዛት አሉሚኒየም ነው። ሲሊንደሩ ላይ የታተመው ስም ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ይህን ሶማሌ ተራ ያለ ቸርቻሪ ሊለየው አይችልም፤ እሱን መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚለየው መሣሪያ አለ፤ ቦታውም ጉምሩክ ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ዝርዝር ለድሃ አገር ይሆናል ወይ? የሚከፍለውስ ማን ነው?» ይባላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ንቄ አላልፈውም። መካኒኩ የሚሠራው ደንበኛው የከፈለውን ያህል ነው። ደንበኛው ደግሞ የዛሬን ሺሕ ብር እንጂ የከርሞውን ኮምፕሬሰር አያይም። ሁለቱም በየራሳቸው ሒሳብ ትክክል ናቸው። የጠፋው በመካከላቸው የሚቆም የጋራ ቋንቋ ነው።

እኔ የምለው ሁሉ ነገር ይቀየር አይደለም። እንዲያውም የድሮው ጋዝ ያለበት ኤሲ ሳያፈስ እየሠራ ከሆነ አትንኩት። ፈሶ ወይም ተበላሽቶ መስመሩ ሲከፈት ብቻ ይለወጥ። ሲለወጥም ዝቅተኛው ልክ ይሄ ነው፦ የቀረው ጋዝ በመሰብሰቢያ ማሽን ይወሰድ፤ የድሮው ዘይት እስከተቻለ ይፍሰስ፤ ድራየር ይለወጥ፤ ኦሪንጎች ይለወጡ፤ ትክክለኛው ዘይት ይግባ፤ በደንብ ቫኪዩም ይደረግ፤ በሚዛን ይሞላ፤ የመሙያ አፎቹ የአዲሱ ጋዝ ይሁኑ፤ ኮፈኑ ሥር ወረቀት ይለጠፍ። ይህን የማይችል ሰው መስኮት ከፍቶ ቢሄድ ይሻለዋል። ግማሽ ልወጣ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል ልጨምር፤ ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹና በጣም የሚናቀው እሱ ስለሆነ። የትኛው ጋዝ፣ ስንት ግራም፣ የትኛው ዘይት፣ መቼ፣ የት። አምስት መስመር ነው። ያቺ ወረቀት ከሌለች ቀጣዩ መካኒክ በጭፍን ይጨምርበታል፤ የተደባለቀውን ጋዝ ሲሰበስብ ደግሞ የራሱን ሲሊንደር ያበላሻል፤ ከዚያ ሲሊንደር የሚሞላለት ሦስተኛ ሰው መኪናም ይበላሻል። የመሙያ አፉን መለወጥም ለዚሁ ነው። የአር-12 አፍ በጥርስ የሚጠበቅ ነው፤ የአር-134ኤ ገፋ ሲያደርጉት የሚቆልፍ፣ የዝቅተኛውና የከፍተኛው ግፊት አፍ መጠናቸው የተለያየ ነው። አምራቾቹ ይህን ያደረጉት ሰው በስህተት እንዳይደባልቅ ብለው ነው። እኛ ግን አስማሚ ብረት አዘጋጅተን ጥንቃቄያቸውን አፍርሰነዋል።

«የኛ ጭስ ለዓለም ምኑ ነው?» የሚለውም መልስ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ አር-12 አየር ላይ ሲለቀቅ በመቶ ዓመት ሒሳብ ከ10 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት ያምቃል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ስለሚያወጣ፣ ያቺ «ፍስስ» የምትል የአንድ ደቂቃ ድምፅ ከ4,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ከማቃጠል ጋር እኩል ናት ማለት ነው። ኦዞኑን የምትበላው ደግሞ ሳይቆጠር። አር-134ኤም ቢሆን ኦዞን አይንካ እንጂ ሙቀት በማመቅ በኩል ንጹሕ አይደለም፤ ኪሎው ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የተፈረመው ማሻሻያ እሱንም ቀስ በቀስ ለመቀነስ ነው። አውሮፓ ከ2017 ጀምሮ አዲስ መኪና በአር-134ኤ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ወደ ሦስተኛው ጋዝ፣ ወደ አር-1234ዋይኤፍ፣ ዓለም ሄዷል። እሱ ደግሞ በመጠኑም ቢሆን ይቀጣጠላል፣ ዋጋውም ውድ ነው፤ ለድሮ መኪና የሚመከር አይደለም።

ታዲያ የሚመለከተው አካል ምን ያድርግ? ሁልጊዜ «መንግሥት ይድረስልን» ማለት ስለማልወድ በአጭሩ አልፋለሁ። የኦዞን ንጣፍን ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ አለን፤ ስምምነቱንም ከፈረምን ቆይተናል። የቀረው ሥራው ወደ ጋራዡ መውረዱ ነው። የጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን ለእያንዳንዱ ጋራዥ መግዛት ባይቻል በየከተማው በማኅበር የሚገለገሉበት አንድ ሁለት ማስቀመጥ አይከብድም። ለአውቶ መካኒክ የሚሰጠው የብቃት ምዘና ላይ የኤሲ ልወጣ በተግባር ይፈተን።

ከሁሉ በላይ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የጨረታ ወረቀታቸውን ያስተካክሉ። ብዙ አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው በእነሱ እጅ ነው። የጥገና ጥያቄ ላይ «የኤሲ ጋዝ መሙላት» ተብሎ ይጻፋል፤ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠ ያሸንፋል፤ ያሸነፈውም የተጻፈውን ብቻ ይሠራል። በሕጉ መሠረት ጥፋት የለበትም። «የኤሲ ልወጣ ከድራየር፣ ከዘይት፣ ከኦሪንግና ከሚዛን ምስክር ጋር» ተብሎ ቢጻፍ አንድ መስመር ብቻ ነው የጨመረው። ቆላ ላይ የሚሠራ አምቡላንስ ከነዚህ መኪኖች አንዱ ሊሆን እንደሚችል የግዥ ሠራተኛው ያስብ። ምጥ የያዛትን እናት ይዞ በ40 ዲግሪ ፀሐይ ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሹፌር፣ ከኋላ ያለው የጤና ባለሙያ፣ እናትየዋ ራሷ፣ በዚያች አንድ መስመር ውስጥ አሉ።

በመጨረሻ ስለ ነገ። «አሮጌዎቹ አልቀው ወደ ኤሌክትሪክ ስንገባ ችግሩ አብሮ ያልቃል» የሚሉ ሰዎች ይሳሳታሉ። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ያው የኤሲ ጋዝ ሰውን ብቻ ሳይሆን ባትሪውንም ያቀዘቅዛል። ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሆን ሞተሩ ከዘይቱ ጋር አንድ ላይ ተዘግቷል። ስለዚህ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ኤስተር መሆን አለበት። ለነዳጅ መኪና የለመድነውን ፓግ እዚያ ውስጥ ጠብ ማድረግ የኤሌክትሪክ መከላከያውን ያበላሻል፤ መኪናውን ሊያቆም፣ ባለሙያውንም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። በአሮጌው ላንድክሩዘር ላይ «ምን ዘይት እንደገባ ማን ያውቃል» እያልን የተማርነው ልማድ፣ ሚሊዮኖች በወጣበት አዲስ መኪና ላይ ይቀጥላል ማለት ነው።

ለዚህ ነው የአሮጌ መኪና ኤሲ ጉዳይ የአሮጌ መኪና ብቻ አይደለም የምለው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ልማዱን ማረም የሚቀለው አሁን፣ ኮምፕሬሰሩ ርካሽ በሆነበት መኪና ላይ ነው። የሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ስትሄዱ «ጋዝ ሙላልኝ» ማለቱን ተዉት። ይልቁንስ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አሁን ውስጡ ያለው ጋዝ ምንድን ነው? የምታስገባው ዘይት የትኛው ነው? ስንት ግራም ትሞላለህ? ሦስቱንም የሚመልስ ባለሙያ ካገኛችሁ የጠየቀውን ክፈሉት፣ ስልኩንም ያዙ። ዋጋው በዛ ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ደግሞ ከአዋሽ እስከ ሚሌ ያለውን መንገድ አንዴ አስቡት።